አያቴ፣ ህንዳዊው መምህርና ሞሃናም

ልጅ ሳለሁ፣ ወረታ በነበረን ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር አያቴ ተነሥተው ወደ ማድቤት ይሄዱ ነበር። ሂዱ የሚላቸው የገዛ ልጃቸው፣ አባቴ ነው። አያቴ አዝማሪ ነበሩ። ከይፋግ እስከ ጣራ ገዳም ግርጌ ያለውን መንደር ሁሉ ሠርግና ድግስ እየዞሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ አባቴንም የመንግሥት ሠራተኛ እስኪሆን ያስተማሩት በማሲንቋቸው ነው። እሱ ግን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ስለ አያቴ ሲጠይቁት «ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው» ይል ነበር፤ ከይፋግ ወረታ ወሬ የማይደርስ ይመስል!

ክረምት ገብቶ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሁሉ ውሃ ስለሚሆን አያቴ የትም አይሄዱም። ያኔ ማምሻውን፣ ለትንኝ የተጨሰው ኩበት ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ኩራዙ ከምሰሶው ላይ እየተርገበገበ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ማድቤት ገብተን ተረት እንሰማ ነበር። ከሁሉ የምንወደው የርብ ሙላት ከጥጃዋ የለያትን ላም ተረት ነው። ላሚቱን በአፋቸው፣ ጥጃዋን በማሲንቋቸው ያናግሯቸዋል። ጥጃዋ ከማዶ ስትጣራ ወንድሜ ጋቢያቸው ውስጥ ይሸጎጣል። የዚያ ተረት ቅኝት ትዝታ ነበር። በሌላ ቅኝት ይንገሩን ስንላቸው፣ ይች ላም በሌላ መንገድ አትሄድም ይሉናል።

በዚያን ዘመን ከግቢያችን አንዷን ክፍል ኩማር የሚባል ወጣት ህንዳዊ የሂሳብ መምህር ተከራይቷት ነበር። ትምህርት ቤት ቢዘጋም አገሩ አልሄደም። አንድ ምሽት ተረቱ ሲያልቅ ቀና ብል፣ ዝናቡ ጀርባውን እየመታው በር ላይ ቆሟል። ጫማውን አውልቆ ገባና በገበያ አማርኛው «ይህ የእኛ ነው» አለ። ቁጭ ብሎ ያለ ቃል ማዜም ጀመረ። ድምፆቹ የአያቴ አምስት ድምፆች ናቸው፤ አካሄዱ ግን ሌላ ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ይንሸራተታል፣ ዞሮ ይመለሳል። አያቴ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ በማሲንቆ ተከተሉት። አገሩ ደቡብ ህንድ ይህ ዜማ ሞሃናም እንደሚባል፣ እናቱ ገና ሕፃን ሳለ እንዳስተማረችው ነገረን። ሰ፣ ሪ፣ ገ፣ ፐ፣ ደ እያለ ድምፆቹን በጣቶቻችን አስቆጠረን።

አያቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። «በአገርህ ይህን የሚጫወት ሰው የት ነው የሚቀመጥ?»

ጥያቄው ግራ ገባው። «ከፍ ያለ ቦታ ነዋ። እኛ ከታች እንቀመጣለን።»

አያቴ እሳቱን ቆሰቆሱ።

የመስቀል ማግስት አባቴ አለቃውን ምሳ ጠራ። መምህሩም ተጠርቶ ነበር። ገበታው ሲቀርብ ሽማግሌው የት እንዳሉ ጠየቀ፤ አባቴ አሟቸው ተኝተዋል አለው። መምህሩ ግን ጠዋት ማድቤት ደጃፍ ላይ ሰላም ብሏቸው ስለነበር ወጣና አያቴን እጃቸውን ይዞ ገባ፤ በራሱ ወንበር አስቀመጣቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ነካና መሬት ላይ ተቀመጠ።

አለቃው አያቴን ትክ ብሎ አያቸው። «እኒህን አዝማሪ አውቃቸዋለሁ። የእህቴ ሠርግ ላይ ተጫውተዋል። ዘመድህ ናቸው እንዴ?»

«አይደሉም» አለ አባቴ። «ማደሪያ አጥተው ነው ያስጠጋኋቸው።»

ይህን ያለው ፊት ለፊታቸው ነው። አያቴ ተነሡ፣ እንግዶቹን እግዜር ይስጥልኝ ብለው ወደ ማድቤት ተመለሱ። እኔ ወጡን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

አያቴ የልጃቸውን ቁጣ ያውቁታል። ማሲንቆውን ከጎታው ጀርባ ሲደብቁ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ ጠራኝ። አልጮኸም፤ ራሴን እየደባበሰ፣ የኔ ልጅ እያለ ማሲንቆው የት እንዳለ ጠየቀኝ። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበርና አሳየሁት። በመጥረቢያ ፈልጦ እሳት ውስጥ ከተተው። የቆዳው ጭስ ቤቱን ሞላው።

አያቴ ቆመው እስኪያልቅ አዩ። «አንተን ሰው ያደረግሁህ በሱ ነበር» አሉት። በነጋታው በጭቃው መንገድ ቁሐር ሚካኤል ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ። ታኅሣሥ ላይ እዚያው አረፉ። አባቴ ለቀብር አልሄደም፤ ሥራ በዝቶብኛል አለ። መምህሩም አያቴ ከቤታችን በሄዱ ሳምንት ሳይሞላ ክፍሉን ለቆ ወጥቶ ነበር፤ እኔንና ወንድሜን ሲሰናበት አባቴን ግን አልተሰናበተውም።

ዘንድሮ ከተማችን ውስጥ የባህል ዝግጅት ነበር። ጡረታ የወጣው አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ለወጣት አዝማሪዎች ሲያጨበጭብ ቆየና ማይክራፎን ተቀብሎ፣ እኔም የአዝማሪ ልጅ ነኝ፣ ይህ ጥበብ ደሜ ውስጥ ነው አለ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። አንዱ ወጣት የአባቱ ማሲንቆ የት እንዳለ ሲጠይቀው፣ በጊዜ ብዛት ጠፋ ብሎ መለሰ።

ያኔ ተነሣሁ። «አልጠፋም» አልኩ። «እኔ አሳየሁህ፣ አንተ ፈልጠህ አነደድኸው።»

ከአዳራሹም ወጥቼ ሄድኩ።

አያቴ የነገሩን ተረት ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ሳይደበዝዝ የቀረኝ እሳቸው ከዚያ ወንበር ሲነሡ፣ እኔም ዝም ስል ነው። አባቴን ስናደድበት ራሴንም አልምርም፤ ልጅ ነበርሽ የሚሉኝ ሰዎችም አያጽናኑኝም። ሰሞኑን ሽማግሌዎች መጥተው፣ አባት በሕዝብ ፊት አይዋረድም፣ ይቅርታ ጠይቂው አሉኝ። መጀመሪያ እሱ ቁሐር ሚካኤል ይሂድና አያቴ መቃብር ላይ ቆሞ «አባቴ» ይበላቸው፣ ከዚያ እግሩ ላይ እወድቃለሁ አልኳቸው።

እስካሁን አልሄደም።