አማትን በአንድ እጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ክርክሩ የእናቴ ነበር፤ የተናደድኩት ግን ከእሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ባርኔጣ ያደረገ ባለጋሪ ባየሁ ቁጥር ብቻዬን ያስቀኛል። ብቻዬን ከምስቅ ለእናንተም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የምንኖረው ዳንግላ ነው። አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ እናቴ ይታይሽ ጥላዋን በብብቷ ሸጉጣ የመንገዱን ዳር ይዛ ስትሄድ፣ ከኋላዋ የመጣ የፈረስ ጋሪ ገጫትና ቅልጥሟ ተሰበረ። ጋሪው የይሁኔ ነው። ይሁኔ ዳማ ፈረሱን ከሚስቱ እኩል ይወዳል እየተባለ የሚቀለድበት፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ጎልማሳ ነው።

ነገሩ በሽማግሌ ያልቅ ነበር። ይሁኔ ግን «ጥላዋን ድንገት ስትከፍተው ነው ፈረሴ የበረገገው» አለ። እናቴ ደግሞ «አልከፈትኩም፤ ስወድቅ ነው የተከፈተው» አለች። በዚሁ ተካሰሱ። የይሁኔ ምስክር አማቱ አቶ ፈንቴ ነበሩ። ያን ዕለት ከመንገዱ ማዶ ቆመው ነበር። የተከበሩ፣ በሐሰት የማይታሙ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም እሳቸውን አመነና፣ ጥላዋን ከፍታ ፈረሱን ያስበረገገችው ራሷ ናት፣ ጥፋቱም የእሷ ነው ብሎ ወሰነ።

«ተይው እማ፣ ዋናው እግርሽ ነው» አልኳት።

«እግሬንስ ሐኪሙ ጠገነው። ዋሸች መባሌን ማን ይጠግነዋል?» አለችኝ። ያን ቀን እራት አልበላችም። እናቴ ለዶሮ እንኳ ባዶ እጇን ዘርግታ «ነይ እህል ልስጥሽ» ብላ የምታታልል ሴት አይደለችም።

ይግባኝ ብለን እንጅባራ መመላለስ ጀመርን። ጉዱ፣ ይሁኔም የሚሄደው በዚያው ሚኒባስ ነው። የመጀመሪያው ቀን እንደተኮራረፍን ልንሳፈር ስንል እናቴ በምርኩዟ መውጣት አቅቷት ስትንገዳገድ አንድ ሰው ክንዷን ደገፋት። ዞር ብዬ ሳይ ይሁኔ ነው።

«ቀስ ይበሉ እማማ» ይላታል።

ትንሽ እንደሄድን እሷም «ዳማውስ ደህና ነው?» ብላ አትጠይቀው መሰላችሁ! እሱም ፈረሱ ከኋላ እግሩ እያነከሰ መቸገሩን ይነግራት ጀመር። እሷ የሚታሽበትን ነገር ትመክረዋለች።

«እማ፣ ክስ ላይ ነን እኮ!» ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኳት።

«ፈረሱ ምን አደረገ?» አለችኝ።

ዋናው የክርክር ቀን ደረሰ። አቶ ፈንቴም ለምስክርነት ባይጠሩም ከአማቻቸው ጋር መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። እናቴ ያንኑ ጥላ ይዛ ነበር፤ እንዴት እንደተከፈተ ለዳኞቹ ልታሳይ። ሰብሳቢው ዳኛ ጸጉራቸው ሸበት ያለ፣ የአገሩ ሰው ነበሩ። ገና ስትነሣ በእጃቸው ጠቁመው አስቀመጧት።

«እናቴ፣ እዚህ እንደ አዲስ ምስክር አንሰማም፤ ማስረጃም አናይም። የምንመረምረው የተጻፈውን ነው። ምስክሩን ፊት ለፊት አይቶ የሰማ ዳኛ ያመነውን ነገር ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ አንነካውም።»

እናቴ ጥላዋን ጭኗ ላይ አስተኛችው። አለቀ፣ እንደዋሸች ልትቀር ነው አልኩ።

ዳኛው ግን መዝገቡን ገልጠው የአቶ ፈንቴን ቃል ማንበብ ጀመሩ። «‹አማቼ ሲያየኝ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አጸፋውን መለስኩ። ጩኸት ሰምቼ ቀና ስል እሷ ወድቃለች፤ ጥላው ተከፍቷል።›» እንደገና ለራሳቸው አነበቡት። ከዚያ ይሁኔን አስነሡት።

«አማትህን ሰላም ስትል ልጓሙን ይዘህ ነበር?»

«አዎ ጌታዬ፣ ይዤ ነበር።»

«ታዲያ አማትህን በአንድ እጅህ ነዋ እጅ የነሣኸው?»

ይሁኔ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። አቶ ፈንቴ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው መልሱን ይጠብቃሉ። «አዎ» ቢል ክሱን ያሸንፋል፤ ቤቱ ግን በምን ዓይኑ ይገባል?

«ኧረ ምን ቆርጦኝ ጌታዬ!» አለ፣ ላብ እያጠመቀው። «አማቴን በአንድ እጄ? ባርኔጣዬን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዤ፣ እጥፍ ብዬ ነው እንጂ!»

«ልጓሙስ?»

ይሁኔ ሁለት እጆቹን አየ። «ልጓሙማ… ለቅቄዋለሁ» አለ።

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ራሳቸው መዝገቡን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ አይቻለሁ። ያልሳቁት አቶ ፈንቴ ብቻ ናቸው፤ በረካ ፊት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

በሌላ ቀጠሮ ፍርዱ ተነበበ። አማትም አማችም አጎንብሰው ስለነበር ጥላው ከመውደቋ በፊት ሲከፈት ያየ ሰው የለም፤ ያልታየ ነገር ታየ ተብሎ ነው የተወሰነው፤ ስለዚህ ተሽሯል፣ ጥፋቱም ልጓም የለቀቀው ሰው ነው ተባለ። እናቴ ከዚያ ሁሉ ንባብ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው።

«እንግዲህ አልዋሸሁም?»

«አልዋሹም እናቴ» አሏት ዳኛው።

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔማ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስኩ።

ደጅ ስንወጣ ይሁኔ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘችው። «ጥላው ተከፍቶ ሳየው በእሱ የበረገገ መስሎኝ ነው እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ተው፣ ቀና በል። ለመርታት ብሎ አማቱን ያላዋረደ ልጅ እኔን አዋረደኝ ብዬ አልቀየምም» አለችው።

የቀረውን ሽማግሌ ጨረሰው፤ እግሯ እስኪጠና ድረስ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም ይሁኔ ሊያደርሳት።

እግሯ ከጠና ቆየ። ዳማው ግን አሁንም እሑድ ጧት ደጃችን ላይ ነው። ያን ያህል የተናደድኩበትን ሰው ዛሬ እንደ ወንድሜ ነው የማየው፤ ቢቀርብን ቅር ይለኛል። እማ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ሆነን እንሄዳለን። አቶ ፈንቴ ከሩቅ ብቅ ሲሉ የይሁኔ እጅ ወደ ባርኔጣው ይሄዳል። እማ ግን ትቀድመዋለች።

«ወዲህ በል ልጓሙን» ትለዋለች፤ «አንተ አማትህን ሰላም በል።»