በይማርሽ ቤት ያጨበጨበ

ላሊበላ ውስጥ አስተናጋጅ ለመጥራት የማይጨበጨብበት አንድ ምግብ ቤት አለ፤ የይማርሽ ቤት። ከፊት ሳሎን፣ ከጓሮ ጥቂት የሚከራዩ አልጋዎች ያሉት ዝቅ ያለ ቤት ነው። የከተማው ሰው ሻይ ሲያልቅበት ይስላል፣ ብርጭቆውን በማንኪያ ይመታል፣ ወይም "ኧረ እትዬ!" ይላል እንጂ እጁን ከእጁ አያገናኝም። እንግዳ ግን ይህን ከየት ይወቀው? ይገባል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ወንበር ይስባል፣ እንደለመደው ሁለቴ ጨብ ጨብ ያደርጋል። ወዲያው ሳሎኑ ድርግም ይላል።

"አጠፋህ!" ይላል ቤቱ በአንድ ድምፅ።

"ኧረ ምን አጠፋሁ?"

"መብራት ነዋ!"

"አጥፍቻለሁ" እስኪል አይበራለትም። ካለ በኋላ ጥግ ላይ የሚቀመጡት ቄስ ባምላክ፣ ለዚህ ለዚህ መስቀል አይወጣም ብለው በባዶ እጃቸው፣ "በል እግዜር ይፍታህ" ይሉታል። ቅጣቱ ተነስቶ ለተቀመጠው ሁሉ ውሃ መቅዳት ነው። በዚህ ዓይነት የባንክ ሥራ አስኪያጅ ቀድቷል፣ የሙሽራ አጎት ቀድቷል።

ሕጉን ያወጣው የይማርሽ ባል ደሳለ ነበር። ደሳለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ሆቴል ሲታደስ ከተጣለ ዕቃ መካከል ድምፅ ሰምቶ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ሳጥን አገኘና አምጥቶ ከሳሎኑ በር በላይ ሰቀላት።

"እጅሽ ሰሃን ሲይዝ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው" አላት።

"እጄ ሰሃን ከያዘ በምን ላጨበጭብ?" አለችው።

ደሳለ ይህን አላሰበውም ነበር። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳጥኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንግዳ መቅጫ ሆኖ ቀረ።

ደሳለ ከሞተ በኋላ፣ ሙት ዓመቱ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ይማርሽ አንድ ቀን ከሰዓት ብቻዋን ጠረጴዛ ስትወለውል እንዲያው አጨበጨበች። አምፖሉ ዝም አለ። ደገመች፤ ዝም። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ጠንከር አድርጋ አጨበጨበች። ከዚያ ወንበር ስባ ጥቂት ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ የቀረውን ጠረጴዛ ወለወለች።

ሳጥኑ በሕይወት እያለም አንዳንዴ ያኮርፍ ስለነበር፣ ደሳለ ከባንኮኒው ሥር በጉልበት የሚነካ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ገጥሞ ነበር። የዚያኑ ዕለት ምሽት ከኮን ከተማ የመጣ ነጋዴ ገብቶ ጨብ ሲያደርግ የይማርሽ ቀኝ ጉልበት ራሱ ወደዚያው ሄደ። "አጠፋህ!" አለ ቤቱ። ማንም ምንም አላወቀም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም፤ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ለምትሠራው ልጇ ለሔለን እንኳ።

ጉልበት ከጆሮ ይልቅ አስተዋይ ነው። ሳጥኑ ድሮ ሕፃን ሲያለቅስ ያጠፋ ነበር፤ የድስት ክዳን ሲወድቅ ያጠፋ ነበር። አሁን እናቶችን ይምራል፣ ሽማግሌ ያልፋል፣ ደረቱን ነፍቶ የገባውን ግን አይስትም። ቄስ ባምላክ ሳይቀሩ፣ "ደሳለ ካረፈ ወዲህ ሳጥኑ ጠባዩ አማረ" ማለት ጀመሩ። ይማርሽም "የልምድ ጉዳይ ነው አባ" ትላቸዋለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ያለ እሷ ጉልበት ጠፋ። አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ገብቶ ሲያጨበጭብ፣ ጉልበቷ ሳይነካ በዚያችው ቅጽበት የከተማው መብራት ሁሉ ሄደ። ሹፌሩ በበሩ አሻግሮ ላሊበላ ከዳር እስከ ዳር ስትጨልም አየ። "አጥፍቻለሁ! አጥፍቻለሁ! ከተማውን ግን ሳላውቅ ነው!" እያለ ወጣ። ሠርግ ላይ እንኳ ማጨብጨብ ተወ ይባላል።

ዘንድሮ ገና ከመድረሱ በፊት ሔለን ምናለ የሚባል የወልድያ ቴክኒሻን ይዛ መጣች። ምናለ በስልክ የሚታዘዝ አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ በካርቶን ተሸክሟል።

"እማዬ፣ እንግዶች መብራት አብርተው እየሄዱ አይደል የምትቃጠዪው? ከአልጋሽ ሳትነሺ ሁሉንም ታጠፊያለሽ።"

"እኔ ምን ሆኜ ነው ከአልጋዬ የማልነሳው?"

"ለምሳሌ ነው።"

"ምሳሌውን ጤነኛ አድርጊው።"

ነገሩን ግን አልጠላችውም። ምናለ መጀመሪያ ጓሮ ገጥሞ ስልኳ ላይ ጭኖ አሳያት፤ የጓሮውን ክፍሎች ከጓዳዋ ሆና አንድ በአንድ አበራች፣ አጠፋች። አንዱ ክፍል ውስጥ ጎብኚ ይላጭ ነበር። ጩኸቱን ስትሰማ ደንገጥ ብላ አበራችለት፤ ሁለተኛ ያጠፋችበትን ግን ጣቷ ሳተ ማለት አይቻልም።

ችግሩ የመጣው ሳሎኑ ላይ ነው። ሔለን ወደ በሩ ጠቆመች። "ያችን አሮጌ ሳጥን አውርድና የሳሎኑንም በስልክ አድርገው። ለአንድ አምፖል ሁለት አዛዥ አይሆንም።"

ይማርሽ በልቧ አሰላችው። ምናለ ሳጥኑን ከፈተ ማለት ውስጡ ታየ ማለት ነው፤ ውስጡ ከታየ ደግሞ ሳጥኑ ድሮ መሞቱ ቤቱ ሁሉ ሊሰማ ነው።

"ዛሬ ጊዮርጊስ ነው" አለች። "በጊዮርጊስ ብሎን አይፈታም።"

ምናለ መሰላሉን አጠፈ። በማግስቱ ሲመጣ ተክለ ሃይማኖት ሆነ፤ ሽሮ አቅርባ፣ አብልታ፣ መርቃ ሸኘችው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ መርቆሬዎስ ነው አለችው።

"እማዬ!" አለች ሔለን። "መርቆሬዎስን መቼ አክብረሽ ታውቂያለሽ?"

"ሰው አይለወጥም? አባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት፤ በመርቆሬዎስ ብሎን ይፈታል?"

ቄስ ባምላክ ጉርሻቸውን በደንብ አላምጠው ዋጡ። "ስለ ብሎን የተጻፈ አላየሁም" አሉ። "ሽሮው ግን ሰሞኑን ጣፍጧል፤ ልጁ ቢመላለስ አልጠላም።"

ሔለን ተናዳ ወደ ሥራዋ ሄደች። ስትወጣ ግን ምናለን ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ይማርሽ ጓዳ ስትገባ ጠብቆ መሰላሉን ዘረጋ። ይማርሽ ሰሃን ይዛ ስትመለስ ካቻቢቴው በእጁ፣ የሳጥኑ ክዳን በጥርሱ ነበር። ደግነቱ ቄስ ባምላክ ወጥተዋል፤ ሳሎኑ ባዶ ነው።

ምናለ ክዳኑን ከአፉ አወጣ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ከሞተ ቆይቷል። ሽቦው ተቃጥሏል። ሸረሪት ልጆች አሳድጋበታለች።"

"ቀስ ብለህ ተናገር።"

"ታዲያ ትናንት ማታ ሽሮ ስበላ አንድ አስጎብኚ ሲያጨበጭብ ማን አጠፋበት?"

ይማርሽ ሰሃኑን አስቀምጣ ከባንኮኒው ኋላ ቆመች። ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች አምፖሉ ጠፋ፤ በራ። ምናለ ካላየሁ አላምንም ብሎ ወርዶ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷንና ማብሪያውን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"የሚስቅ ሰው ምስጢር ይጠብቃል?" አለችው።

"ሽሮ ካልቀረበት ይጠብቃል።" እንባውን ጠራርጎ ቀና ሲል ፊቷን አየና ሳቁን ተወው። "ባለቤትዎ ናቸው የገጠሙት አይደል?"

"እሱ ነው።"

ምናለ ሳጥኑን በእጁ አገላበጠ። ሸረሪቷን ከነልጆቿ በወረቀት አንስቶ በመስኮት አወጣት። "አዲሷ ማብሪያ ትንሽ ነች" አለ። "እዚህ ውስጥ ትገባለች። ሳጥኑ እዚያው ቦታው ይሰቀል፤ በጉልበትዎ የሚሠሩትን ከነጠላዎ ሥር ስልኩ ላይ በጣትዎ ይሠሩታል።"

"ጉልበቴስ ደክሞት ነበር" አለች ይማርሽ። "ለሔለንስ?"

"ሳጥኑ ታክሞ ዳነ እንላታለን።"

ሔለን ማታ ስትመጣ ይኸው ተነገራት። ቀና ብላ ሳጥኑን አየች፣ ምናለን አየች፣ "እንኳን ዳነ" ብላ ጫማዋን ልታወልቅ ገባች። ይማርሽ ይህን ያህል በቀላሉ ያልፋል ብላ አልጠበቀችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሔለን አንድ ነገር ሳትመረምር ተቀብላ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ከቀድሞውም ባሰ። ይማርሽ ጓዳ ሽንኩርት እየላጠች ያጠፋል፤ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ያጠፋል። ከባንኮኒው ጋር የታሰረችበት ዘመን አለፈ።

አንድ ማክሰኞ ምሽት ግን ጨው አለቀባትና ከመንገዱ ማዶ ወደ ሙሐዲን ሱቅ ተሻገረች። ስልኳን አውጥታ ብታይ ባትሪው አልቋል። ሙሐዲን ጨውን እየለካ ሳለ አንድ ቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ከባጃጅ ወርዶ፣ ሹፌሩን እንኳ ሳያመሰግን፣ ወደ ቤቷ ገባ። አረማመዱን አየችና ጣቷን በላት። ምን ታድርግ?

ጭብጨባው መንገድ ተሻግሮ ተሰማ። የይማርሽ ሳሎን ድርግም አለ። "አጠፋህ!" አለ ቤቱ።

"እትዬ ይማርሽ፣ የደሳለ ሳጥን ያዘው!" አለ ሙሐዲን፣ ጨው በእጁ እንደያዘ።

ይማርሽ የሞተውን ስልክ ገልብጣ አየችው። ጨውን ተቀብላ ተሻገረች። ስትገባ ተበርቷል፤ ባለጃኬቱ ማሰሮ ይዞ ለቄስ ባምላክ ውሃ ይቀዳል፣ "ሞላ አድርገው እንጂ" ይሉታል። ሔለን ከባንኮኒው ኋላ ቆማ፣ ስልክ የያዘ አንድ እጇን ሹራቧ ውስጥ ከትታ፣ ዓይኗን ከበሩ በላይ ወዳለው ሳጥን ሰቅላ ነበር።

"ስልክሽ ባትሪ የለውም አይደል እማዬ?" አለች ዓይኗን ሳታወርድ።

"የለውም።"

"ጠዋትም ቻርጅ ሳታደርጊው ነው የወጣሽው።"

ምናለ ነግሯት ይሁን፣ ወይስ ከጉልበቷ ዘመን ጀምራ ታውቅ ይሁን፣ ይማርሽ አልጠየቀችም። ስልኳን ለልጇ አቀበለቻት፤ ሔለንም ቻርጅ ላይ ሰካችው። ከጓዳ የሽሮው ሽታ መጣ። ሊገነፍል ነው ብላ ይማርሽ ጨውን ይዛ ገባች።