የተቆላው አፈር

ቆጣሪዋ እንላታለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በችግኝ ጣቢያው የላስቲክ ቤት ከአፈር ብቅ ያለውን ሁሉ ስትቆጥር ኖራለች። ከተተከለው የጥድ ደንና ከጎኑ ካለው የተፈጥሮ ደን አፈር ይመጣላታል፤ በትሪ ዘርግታ እያጠጣች ውስጡ የተኛው ዘር እስኪነቃ ትጠብቃለች። በመካከላቸው ሁልጊዜ አንድ ትሪ የተቆላ አፈር ታስቀምጣለች። በበርሜል ክዳን ላይ የምቆላው እኔ ነኝ፤ «ደርሷል? እንቅመስ» እያሉ ስንቱ አላግጦብኛል። እሳት ያየ አፈር ምንም አያበቅልም። ካበቀለ ዘሩ ከውጭ ገብቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሌሎቹም ትሪዎች ቆጠራ አይታመንም።

ቆጠራውን የሚረከባት ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርቷን ጥላ አሳደገችው፣ አስተማረችው፤ በደን ትምህርት ዶክተር ሆነና አለቃዋ ሆኖ መጣ። ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይፈካ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የተፈጥሮ ደኑን ለጣውላ ሊቆርጠው ፈለገ። የዛፎቹ ዘር አፈሩ ውስጥ ካለ ደኑ ራሱን ስለሚተካ ይቆረጥ፣ ከሌለ አይነካ ተባለ። እሷ ደግሞ ከዚያ አፈር ሣርና አረም እንጂ ዛፍ ሲወጣ እምብዛም አላየችም።

በአራተኛው ሳምንት ከደኑ አፈር አርባ ሦስት የዛፍ ቡቃያ ወጣ። ክው አለች። ወደ ተቆላው ትሪ ዞር ስትል እዚያም ስድስት አሉ፤ ያኔ ተነፈሰች። ቀና ብንል ላስቲኩ ተቀዷል፣ በላዩ የተንጋደደው ዛፍ ዘሩን ያራግፋል።

«ይሄ ቆጠራ አይሆንም፤ እንደገና እንጀምር» አለችው ወንድሟን።

«እሺ እታለም፣ አንቺ ያልሽው ይሆናል። ብቻ ያየሽውን ጽፈሽ ፈርሚልኝ፣ እኔ አስረዳቸዋለሁ።»

የተቆላው ትሪም ስድስት ማብቀሉን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በቀይ ጻፈችና ፈረመች።

ከሦስት ወር በኋላ የመጋዝ ድምፅ ሰማን። ቢሮው ስንደርስ ወረቀቷ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ አርባ ሦስቱም ፊርማዋም አሉ። ጠርዙ ግን ታጥፎ ነው ፎቶ ኮፒ የተደረገው።

«ቀዩስ?» አለችው።

«ስድስት ቡቃያ ናት እኮ እታለም። ከላይ ያሉትን ሰዎች አታውቂያቸውም።»

«እኔ የማውቀው አንተን ነበር» ብላው ወጣች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ልጅነቷን ነው የሰጠችው።

ሁለት ክረምት አለፈ። የተቆረጠው ቦታ ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ ሣር እንጂ አንድም ዛፍ አልበቀለም። በየወሩ እየሄደች ትቆጥራለች፤ እኔም እከተላታለሁ። ባለፈው ከደኑ ሥር ከነበረው ምንጭ ውሃ ይቀዱ የነበሩ አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆሟት። ባዶ ጀሪካን ይዘዋል።

«ይበቅላል ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ አሉ። እውነት ነው ልጄ?»

አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ጭምቅ አደረገችኝ።

«አዎ፣ ፊርማው የኔ ነው» አለች።