በሩ ላይ ያልነበረው ጫማ

መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ገበያ ዳር ሙዝ የምትሸጠዋን ሀፊሳን የማያውቅ የለም። ሚዛኗ አያዳላም፤ ከ"ስንት ኪሎ" ያለፈ ወሬ ግን አይገኝባትም። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ከባሏ ከጠሃ ጋር ከወሎ መጥታ መቀሌ ስትገባ፣ ሳቋ ሦስት ሱቅ አልፎ ይሰማ ነበር።

ጠሃ ሙዝ አብሳይ ነበር። ሙዝ ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ጥሬውን ነው፤ ቢነክሱት አፍ ያደርቃል። ጠሃና ሸሪኩ መሓሪ መስኮት በሌለው ክፍል ይከምሩትና፣ መሃል ላይ የላምባ ምድጃ አነስ አድርገው ለኩሰው፣ በሩን ዘግተው ስንጥቁን ሁሉ በእርጥብ ጆንያ ይወትፉታል። በአራተኛው ቀን ሙዙ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ለምን እንደሚበስል ሁለቱም አያውቁም፤ ደግሞስ ምን አስጨነቃቸው።

የነገረቻቸው ዩኒቨርሲቲ፣ እንዳ ኢየሱስ ግቢ የምትማረው የጠሃና የሀፊሳ ልጅ ኢኽላስ ናት።

"ጭሱ ውስጥ ኤትሊን የሚባል ጋዝ አለ። ሙዙም መብሰል ሲጀምር ራሱ ያንኑ ጋዝ ያወጣል። አንዱ የበሰለ ሌላውን ያበስላል፤ ሲበዛ ደግሞ ያበሰብሰዋል። ግን አባዬ፣ ምድጃው ሽታ የሌለው ሌላ ጋዝም አለው። እሱ ሰው ይገድላል። ክፍሉን ሳታናፍሱ እንዳትገቡ።"

"ሃያ ዓመት ገብቼ ወጥቻለሁ" አለ ጠሃ እየሳቀ። "ደግሞ ሕግ አለን።"

ሕጉ ይህ ነው፦ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው ጫማውን በሩ ላይ ያወልቃል። ጫማ ካለ በሩ አይታሸግም። ጫማ ከሌለ ሰው የለም። የሁለቱ ሰዎች ነፍስ የተንጠለጠለችው በዚች ብቻ ነበር። ሀፊሳም ሕጉን ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ሙዙ በታሸገ በማግስቱ፣ ጠሃ በበሩ ስንጥቅ ጣፋጭ ሽታ ሸተተው። አንድ ዘለላ ቀድሞ በስሏል ማለት ነው፤ ካልወጣ ክምሩን ሁሉ ያጠቁረዋል። መሓሪ ምሳ ሄዷል። ጠሃ ጫማውን አወለቀ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ገባ።

ሀፊሳ ምሳውን ይዛ ስትደርስ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ጫማው ደጃፉ ላይ ሊበሰብስ ነው፤ ያውም ለዒድ የገዛችለት የቆዳ ጫማ። "ጠሃ! ምሳህ!" ብላ ተጣራች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማት። አሁን ይወጣል ብላ ጫማውን ብድግ አድርጋ ማዶ ወዳለችው ሱቃቸው ሮጠች። ደንበኞች ቆመው ነበር። መመዘን ጀመረች።

መሓሪ ሲመለስ በሩ ገርበብ እንዳለ ዝናቡ ይገባል። ደጃፉን አየ። ጫማ የለም። በሩን ዘጋና ጆንያውን ወተፈ። ጠሃ በዚያ ሰዓት ወድቆ ይሁን ገና ቆሞ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ መሓሪ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

"ሓፍተይ፣ እህቴ ሀፊሳ፣ ጠሃ ደኣ የት ሄደ? በሩን ክፍት ጥሎት ነው የሄደው እኮ። እኔ ነኝ ያሸግሁት።"

ሀፊሳ ከጎኗ ያለውን ጫማ አየች። መሓሪም አየው። ሁለቱም ሮጡ።

ከክምሩ ጀርባ አገኙት፤ በባዶ እግሩ፣ የበሰለውን ዘለላ እንዳቀፈ።

ለቅሶው ላይ ኢኽላስ መሓሪ ፊት ቆመች። "አባዬ ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም! ጫማው የት ነበር?"

መሓሪ አንገቱን ደፋ። "በሩ ላይ ነበር" አለ። "እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ ያላየሁት።"

ሀፊሳ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጣለች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ነገ እነግራታለሁ አለች በልቧ።

ያ ሙዝ እንኳ ጊዜውን ጠብቆ አምሮ በሰለ፤ የሮማናት አደባባይ ነጋዴዎች ተሻምተው ወሰዱት። ጫማው ከሀፊሳ አልጋ ሥር ነው፤ ዛሬም እንደ አዲስ ነው።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። መሓሪ በየጠዋቱ በሱቁ በኩል ሲያልፍ "ከመይ ሓዲርክን" ብሎ ሰላም ይላል። ኢኽላስ "ገዳይ" ብላ ፊቷን ታዞርበታለች። ሀፊሳ ቀና ሳትል ሙዟን ትመዝናለች።