የበሩ ስፖንጅ

ሽማግሌው ሱቄ በር ላይ ያቆሙት መኪና አሮጌ ነው፤ ኮታቸው ግን በደንብ ተተኩሷል። ከፋብሪካ የመጡትን የበር ስፒከሮች በተሻለ እንድቀይርላቸው ጠየቁኝ፤ ብቻ በርካሹ። «ለዘፈን አይደለም» አሉ። «ሰው ሲያወራ ጥርት ብሎ እንዲሰማኝ ነው።»

ዋናው ነገር ስፒከሩ ሳይሆን በሩ እንደሆነ አስረዳኋቸው። «ጋሼ፣ በሩ ባዶ ከሆነ ምንም ቢገጥሙበት እንደ ጣሳ ይጮኻል። ውስጡ ስፖንጅ መጠቅጠቅ አለበት። እዚህ የሚሸጠው ውድ ነው፤ ቤት ትርፍ ካለዎት ያምጡ።»

በማግስቱ ወፍራም ወፍራም ቁራጭ በፌስታል ሞልተው መጡ። ስጠቀጥቅ አንዱ ላይ አበባ አበባ ያለው የፍራሽ ጨርቅ ተጣብቆ አገኘሁ፤ እሱንም ወደ ውስጥ ገፋሁት።

ስጨርስ ገብተው በሩን ዘጉና ሬዲዮ ከፈቱ። ሁለት ሴቶች ስለ ጉንፋን ያወራሉ። እሳቸውም «እህ፣ ልክ ነው» እያሉ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

አላስቻለኝም፤ መስኮቱን አንኳኳሁ። «ጋሼ፣ ፍራሽዎን ቆርጠው ዛሬ ምን ላይ ሊተኙ ነው?»

ሴቶቹን ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል ድምፁን ቀስ አድርገው ቀነሱና መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

«በእኔ በኩል ያለውን ግማሽ አልነካሁትም፣ ልጄ።»