ጭራ ቀጣይዋ

የሥራ ባልደረቦቿ «ጭራ ቀጣይ» ይሏታል። ስድብ አይደለም፤ እንጀራዋ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ባክቴሪያን በስተው የሚገድሉ አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች ትሠራለች። ሰንሰለቱ ደም ውስጥ ሲገባ ግን ሰውነት ቶሎ ቆራርጦ ይበላዋል። እንዳይበላ፣ ባክቴሪያውንም አጥብቆ እንዲይዝ፣ ጫፉ ላይ የስብ ጭራ ትቀጥልለታለች።

ከሁሉ የረዘመውን ጭራ የቀጠለች ሰሞን ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«ሰው ልጅ ይወልዳል፣ አንቺ ጭራ ትወልጃለሽ!» አለቻት ታላቅ እህቷ።

«የኔ ቢያንስ አይንጫጫም። ያንቺዎቹንማ አየናቸው።»

የደሙም ፈተና አልፏል። መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴል ቢያፈነዳ ኖሮ ሴሎቹ ሲዘቅጡ ከላይ የሚቀረው ውሃ ይቀላ ነበር፤ አልቀላም። አለቃዋም ውጤት ሲያይ እጁ ስልክ ላይ ነውና ለወዳጅ ለጠላት ደወለ። ሰኞ አይጦች መድኃኒቱን ይወጋሉ።

ሐሙስ ዕለት መድኃኒቱ የነበረበትን የፕላስቲክ ብልቃጥ አለቅልቃ ባክቴሪያ አስቀመጠችበት። ቁጠባ መሆኑ ነው! በማግስቱ አንድም በሕይወት የተረፈ አልነበረም።

«ባዶ ብልቃጥ ይገድላል እንዴ?» አለች ለራሷ። ከዚያ ገባት። ስቡ ጭራ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። የደሙም ፈተና የተሠራው እንዲህ ባለው ብልቃጥ ነው፤ ደሙ ጋ የደረሰው ትራፊው ብቻ ነው።

ዝም ብትል ማን ያውቃል? መሥሪያ ቤት ውስጥ ዝምታን ጨዋነት ይሉታል። ጨዋነት አይደለም፤ ፍርሃት ነው፤ ሰው የሚያልቀውም በእሱ ነው። እሷም ፈርታለች፤ የሁለት ዓመት ልፋቷ ነዋ። ቢሆንም ስብ በማይጣበቅበት ብልቃጥ ፈተናውን ደገመችው። ውሃው ደም መሰለ፤ የረዘመው ጭራ የደሙንም ሴል ያፈነዳል ማለት ነው።

ብልቃጡን ይዛ አለቃዋ ቢሮ ገባች።

«ለስንት ሰው ደውያለሁ እኮ!» አለ አለቃው።

«እነሱ ይቆጡ፣ ዶክተር። አይጦቹ መቆጣት አይችሉም።»

«ያን ሁሉ ያሞገስሽውን ጭራ ልትቆርጪው?»

«እኔ ቀጥዬው ማን ይቁረጥልኝ? በግማሽ አሳጥሬ እንደገና እሞክራለሁ።»

አለቃው ቀዩን ብልቃጥ ትክ ብሎ አየ። ስልኩን አነሳ፣ ደወለ፣ ሲነሳለት ደንግጦ ለእሷ አቀበላት።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች ጭራ ቀጣይዋ። «የሰኞው ይቅር። ተሳስቻለሁ።»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ተሳስተናል በያቸው» አለ፤ ሹክ ማለቱ ነበር፣ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው እንጂ።