የአባቴ እግርና የግራዋ ቅጠል

ልጄ ባለፈው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ፋርማሲ ነው የምታጠናው። ርእሱን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ግራዋ ውስጥ ያለው ፍላቮኖይድ የተባለ ንጥረ ነገር በቅባት መልክ ቢዘጋጅ የስኳር ሕመምተኞችን ቁስል ያድን እንደሆነ የሚመረምር ነው። "እማ፣ አንቺም ስኳር ስላለብሽ እኮ ነው የመረጥኩት" አለች። ደስ አላለኝም፤ አልከፋኝምም። ፍላቮኖይድ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ወደ ቤታችን ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

ወላይታ ገና ራሱን የቻለ ዞን ሳይሆን ነው። የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ፤ ለክረምት እረፍት ሶዶ ገባሁ። አባቴ፣ እኛ አዋ የምንለው፣ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። በቀኝ እግሩ የስፌት መኪናውን ፔዳል እየረገጠ ነው ያሳደገን። ስኳር ከያዘው ቆይቷል። በዚያ ሰሞን ጫማውን በስቶ ቀኝ እግሩ ውስጥ የገባ መርፌ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። ያወቀው ማታ ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው።

ኦቶና ሆስፒታል ያለው ሐኪም ቁስሉ በየቀኑ እንዲታጠብ አዘዘ። የዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ አዋ በምርኩዝ እኔ በክንዱ እየደገፍኩት እንመላለስ ነበር። ስንመለስ የተጠበሰ እሸት በቆሎ እንገዛለን። አሁን ሳስበው ቁስሉ እየጠበበ ነበር። ያኔ ግን ዘገየብኝ፤ በሁለት ዓመት ትምህርት ሐኪም ሆኜ ነበርና።

"አዋ፣ ግራዋ ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባል ነገር አለ። ለቁስል ጥሩ ነው" አልኩት።

"ግራዋማ እናቴም ታደርግልን ነበር። መጽሐፍሽ ካወቀው ታዲያ ጭቃውን ምን አስረገጠኝ?" አለ።

በማግስቱ ኦቶና መሄድ ቀረ። በሰፈራችን ደንብ ቅጠሉ ተወቅጦ በኮባ ይጠቀለልና ፍም ላይ ይሞቃል። ሙቀቱን የሚለካው ታማሚው ነው፤ "በቃኝ" እስኪል ይጨመርለታል። ካላቃጠለ አይዘልቅም ይባላል።

"ሞቀ?" አልኩት።

"ምንም አላለኝ። ጨምሪ።"

መልሼ ፍሙ ላይ አደረግሁት። "አሁንስ?"

"ኧረ ጨምሪ፣ ልጄ።"

በሦስተኛው ኮባው ጣቴን ስለፈጀኝ በጨርቅ ይዤ እግሩ ላይ አሰርኩት። አዋ አንድ ደንበኛው ስላሰፋው ኮት እያወራኝ ነበር። መርፌ ያልተሰማው እግር እሳትም እንደማይሰማው አላሰብኩም። ጣቴ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን የጠየቅሁት እግሩን ነው።

ጠዋት ስፈታው ቆዳው ከኮባው ጋር መጣ። አላለቀስኩም። አዋ እግሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፤ "አላመመኝም እኮ" አለ ሊያጽናናኝ።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ቤቱ በዘመድ ተሞላ፣ ሥጋውም ከእንሰት የሚሠራው ሙቹዋም ቀረበ፤ መብላቴን አስታውሳለሁ፣ ጣዕሙን ግን አላስታውስም። አዋ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ ጥግ አስቀመጠው። እስኪሞት ድረስ ለሌሎች ልብስ ሰፊዎች በእጁ ቁልፍ ሲተክል ኖረ። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ኖሮ ምናልባት አለቅስ ነበር።

ግራዋውን አልጠላሁትም። ልጄ እንደምትለው ተጣርቶና ተመጥኖ ቢመጣ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አጥራችን ላይ አሁንም አለ፤ ክረምት ሲገባ እንደ ማንኛውም ቅጠል ይለመልማል።

ትናንት ልጄ እግሬን ልታጥብልኝ ውሃ አሙቃ መጣች። ሳፋውን አስቀመጠችና አንዱን እግሬን አስገባሁ።

"እማ፣ ሞቀ?" አለችኝ።

"ጨምሪ" ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እግሬን አወጣሁ።

"እኔን አትጠይቂኝ" አልኳት። "እጅሽን አስገቢና አንቺ ንገሪኝ።"

እጇን አስገባች፤ ወዲያው መለሰችው። ጣቶቿን በቀሚሷ ጨብጣ አየችኝ። ያኔ ስለ አዋ ነገርኳት።